ይደፋ ወይስ ይታሸግ

ገና ነው፣ አትቅመሺው፣ አፍንጫ ይቅደም፣ ትላለች ለራሷ፣ ብርጭቆውን በቀጭኑ እግሩ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዘነብለዋለች፣ ቀለሙ መቼም አያጣላም፣ ደማቅ ቀይ፣ ዳር ዳሩ እንደ ተወለወለ ነሐስ የሚያብለጨልጭ፣ መሃሉ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ አረፋው ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይከስማል፣ ይክሰም፣ እንዲህ ያለ ብርቱ መጠጥ አረፋ ተሸክሞ የመቆም ግዴታ የለበትም፣ ናሙናው በቀለም ረገድ ከተቀመጠው መስፈርት ጋር ይጣጣማል፣ ፊርማ፣ ቀን። እንዲህ ነበር የምትጽፈው። ሠላሳ አንድ ዓመት። በትልቁ ፋብሪካ የቅምሻ ክፍል፣ ነጭ ጋዋን፣ ነጭ ግድግዳ፣ ሽቶ ክልክል፣ ነጭ ሽንኩርት ክልክል፣ ሳቅ ክልክል ነው ያለ ባይኖርም ማንም አይስቅም፣ ዝም ብላ ትቀምሳለች፣ ዝም ብላ ትጽፋለች፣ አንድ መስመር በጻፈች ቁጥር አንድ ሙሉ ታንከር ወይ ወደ ጠርሙስ ይሄዳል ወይ ወደ ቦይ፣ ምላስ ብለው ስም ያወጡላትም ለዚህ ነው፣ ምላስ መጣች፣ ምላስ ምን አለች፣ ሌላው ሰው ምላስ የሚባለው በወሬው ነው፣ እሷ ባለመናገሯ።

ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዛሬ ጋዋን የለም፣ የለበሰችው ሰማያዊ ሹራብ ነው፣ የተቀመጠችውም ድሮ ጎማ ቤት በነበረ አዳራሽ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ የጎማው ጥቁር ክብ ክብ እስካሁን አልለቀቀም፣ ከአንዱ ግድግዳ ሥር አራት የእንጨት በርሜሎች ተጋድመዋል፣ ከሌላው ሥር ሁለት ትልልቅ የብረት ማብሰያዎች ቆመዋል፣ መስኮቱ ጥግ የልብስ ስፌት መኪና፣ በሩ ላይ ወንድሟ።

አያያትም። መፍቻ በጨርቅ ይወለውላል፣ የጠራ መፍቻ ነው፣ ከዚህ በላይ ሊጠራ አይችልም፣ ግን ይወለውላል፣ አያያትም ማለት እያያት ነው፣ ከልጅነቱ እንዲህ ነው፣ የሰበረውን ነገር ከኋላው ደብቆ ጣራ ጣራ ያይ ነበር፣ ማሙሽ ይሉት ነበር ቤት ውስጥ፣ አሁን ማሙሽ የምትለው እሷ ብቻ ቀርታለች፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር እየገባ። በያጅ ነው። የሰው በርና መስኮት ሲበይድ ኖሮ በአርባ አምስት ዓመቱ አንድ ጠዋት ተነስቶ ቢራ ልጠምቅ ነው አለ፣ በምን ዕውቀትህ ብትለው፣ አባታችን ብቅል ቤት አይደል የኖረው፣ በደም አለ እኮ፣ አለ፣ ማብሰያዎቹን ራሱ በየዳቸው፣ አንዱ ትንሽ ጠማማ ነው፣ ጠማማው ነው ይበልጥ የሚያበስለው ይላል፣ ነገረኛ።

ስሚ እታለም፣ ብሎ ደወለ ትናንት፣ የገብስ ወይን ጠምቄያለሁ፣ አሥራ አራት ወር በርሜል ውስጥ ተኝቷል፣ ከጭማቂ ቤቱ ሰውዬ የጠርሙስ ማሸጊያ መኪና ለአንድ ቀን ተውሻለሁ፣ ነገ ረፋዱ ላይ ነይና ቅመሺልኝ፣ ይታሸግ ካልሽ ይታሸጋል። ካላልኩስ? በስልኩ ውስጥ የሆነ ብረት ሲወድቅ ሰማች፣ ካላልሽማ ካላልሽ ነው፣ ደክሞኛል እታለም፣ ይኼ ካልሆነ ጠቅልዬ ወደ ብየዳዬ እገባለሁ፣ ብየዳ ጣዕም የለው፣ ምን የለው፣ ወይ ተያያዘ ወይ አልተያያዘም ነው፣ አለ።

የገብስ ወይን። ስሙ ነው እንጂ የወይን ዘር የለበትም፣ ገብስ ነው፣ ከተራው ቢራ እጥፍ ብቅል ተጭኖበት ጉልበቱ ወይን ላይ የደረሰ ቢራ፣ አሥራ አንድ ተኩል በመቶ አልኮል፣ ሰው ከቁርስ በኋላ የሚጋፈጠው አይደለም፣ ግን ቀማሽ የሚቀምሰው በዚህ ሰዓት ነው፣ ቁርስ ወርዶ ምሳ ሳይጠራ፣ ምላስ የሚነቃው ያኔ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ብቻ፣ ተጠንቀቂ፣ እግርሽን ከያዘሽ አትነሺም።

አፍንጫዋን ወደ ብርጭቆው አፍ አስጠግታ ዓይኗን ትከድናለች።

የዳቦ ቅርፊት፣ ጠርዙ ትንሽ ያረረ። ቴምር። ዘቢብ፣ አይ፣ ዘቢብ ሳይሆን ዘቢብ የነበረበት ቆርቆሮ። ድስት ውስጥ የሚቀልጥ ስኳር፣ ቡናማ ሆኖ ሊመርር አንድ ደቂቃ ሲቀረው። ከኋላ ሳንቃ፣ ከሳንቃው ኋላ፣ ማነህ አንተ፣ ና እስቲ፣ አትደበቅ፣ ከሳንቃው ኋላ የአባቷ ካፖርት።

ወይ ጉድ።

ሰፊ ወለል ላይ የተነከረ ገብስ ተዘርግቶ አባቷ በእንጨት አካፋ ይገለብጠዋል፣ ገብስ ሲበቅል ኪያር ኪያር ይሸታል፣ ሲደርቅ ብስኩት፣ ሁለቱም ሽታ ካፖርቱ ላይ ነበር፣ ከሥራ ሲገባ ከሱሪው እጥፋት ፍሬ አይታጣም፣ ለሁለቱም አንዳንድ ፍሬ አፋቸው ላይ ያኖርና፣ ምን አለ? ይላል፣ ምን አለ ነው የሚለው፣ ፍሬው የሚያወራ ይመስል፣ ማሙሽ ቆርጥሞ ውጦ፣ ጣፈጠ፣ ሌላ ስጠኝ፣ እሷ ጉንጯ ሥር ታቆየዋለች፣ እስኪለሰልስ፣ እስኪናገር፣ ራት እየቀዘቀዘ፣ እናቷ ኧረ ልጅቷን ልቀቃት እያለች፣ መጀመሪያ ሣር፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ዳቦ፣ ትላለች በመጨረሻ፣ አባቷ አይመልስላትም፣ መዳፉን አናቷ ላይ ጫን ያደርገዋል፣ ጫን፣ ያ ነው ዲፕሎማዋ፣ ፋብሪካው በኋላ የሰጣት ወረቀት ማኅተም ብቻ ነው የጨመረበት።

እሺ። አሁን ቅመሺ።

እንደ ገባ ከባድ ነው፣ ወፍራም፣ ምላስ ላይ ተደላድሎ የሚቀመጥ፣ እንግድነት የማያውቅ፣ ጣፋጭ ነው፣ ግን ጣፋጩ ብቻውን አልመጣም፣ መራራው ከኋላ ደርሶ ታላቅ እህት ታናሿን በኮሌታ እንደምትይዘው ይይዘዋል፣ ከዚያ ሙቀቱ፣ በጉሮሮ ቀስ ብሎ ወርዶ ደረት ላይ ይነጠፋል፣ አይቧጥጥም፣ እሰይ፣ አሥራ አራት ወር ተኝቶ ጥፍሩን ቆርጧል፣ ትውጣለች፣ ትጠብቃለች፣ ጥሩ መጠጥ የሚያወራው ከወረደ በኋላ ነው፣ ቅርፊት፣ ቴምር፣ ስኳር፣ እና፣

እና ምን?

እርጥብ ካርቶን።

አይሆንም። አንድ ጉንጭ ውሃ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ቆይ፣ አንድ ሁለት ሦስት እያልሽ እስከ ሠላሳ ቁጠሪ፣ እንደገና፣ ጣፋጩ፣ መራራው፣ ሙቀቱ፣ እና አለች፣ ክር የምታህል ናት፣ ግን አለች፣ ዝናብ ያገኘው ካርቶን፣ በሙያው ይኼን ሽታ የማያውቀው የለም፣ አየር የገባበት ቢራ መጨረሻው ይኼ ነው፣ በርሜሉ ተንፍሷል ማለት ነው፣ የተነፈሰ በርሜል መድኃኒት የለውም፣ ናሙናው ከፍተኛ የኦክሳይድ ምልክት ስለታየበት ለሽያጭ እንዳይቀርብ፣ ፋብሪካው ጓሮ ያሉት ጫኝና አውራጆች ቢሆኑ ይኼን ሁሉ አይሉም፣ ለእነሱ ሁለት ቃል ነው ያለው፣ ይነፋል፣ አይነፋም።

ፊትሽን ጠብቂ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠለጠነ ፊት ነው፣ ቅንድብ አይነሳም፣ ከንፈር አይጠብቅም፣ ግን ወንድሟ መወልወሉን አቁሟል፣ እሱ የፋብሪካ ሰው አይደለም፣ ይኼን ፊት አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ ሲያየው ያደገ ነው።

ወይስ እኔ ነኝ?

ባለፈው ወር ልጇ ሾርባ ቀምሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ እማዬ፣ ይኼ ሾርባ አይደለም፣ ባሕር ነው፣ ቀልዷን ነው፣ ግን ለእሷ ጨው አልበዛም ነበር፣ እንዲያውም ጎደለው ብላ ጨምራበታለች፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጠዋት ቤቱ ጭስ ጭስ ሸተታት፣ ምድጃውን አየች፣ ሶኬቱን ነካካች፣ የጎረቤት በር አንኳኳች፣ ምንም የለም፣ ሐኪሙ በባትሪ አፍንጫዋን አየና፣ ዕድሜ ነው እናቴ፣ አፍንጫም ይሸብታል፣ አላት፣ እየሳቀ፣ እንዲህ ያለ ነገር እየተሳቀ ይነገራል? ሰው እግሩን ሲያመው ከዘራ ይይዛል፣ አፍንጫ ምን ይይዛል፣ ለልጇም አልነገረችም፣ ለማንም፣ ጨውን በማንኪያ መለካት ጀመረች፣ ያ ብቻ።

እና ካርቶኑ በርሜሉ ውስጥ ነው ያለው ወይስ እኔ ውስጥ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ዳኛዋ።

ያን ጊዜም ወንድሟ እዚሁ በር ላይ ነበር የቆመው። ስድስት ዓመት ሆነው። የመጀመሪያው ቢራው፣ የመክፈቻው ቀን፣ አራት መቶ ሊትር ጠምቆ ስድሳ ሰው ጠርቶ፣ የሰፈሩ ሰው፣ የብየዳው ደንበኞች፣ የእሷ የፋብሪካ ባልደረቦች፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር፣ ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ ቆመ እንጂ አልጠጣም፣ ምላስ ትቅደም ተባለ፣ ቀደመች፣ ጠጣች፣ ምንም። ውሃ። ሳንቲም የተዘፈዘፈበት ውሃ። ጉንፋን ይዟት ነበር እኮ፣ ሁለት ቀኗ ነበር፣ አፍንጫዋ በጡብ የተደፈነ በር ነው፣ ከእሷ በቀር ያወቀ የለም፣ መሐረቧን ቦርሳዋ ሥር ቀብራ ነው የገባችው፣ አሞኛል፣ ዛሬ መፍረድ አልችልም፣ አራት ቃል ናት፣ አራት፣ ግን ስድሳ ሰው አፍ አፏን እያየ ምላስ ዛሬ አልሠራ አለችኝ ይባላል? ኩራት ነው፣ ሌላ ስም አትፈልጊለት፣ አራቱን ቃል ዋጠችና ሌላ አንድ ቃል አወጣች።

ይደፋ።

ደፋው። አልተከራከራትም። እዚያው፣ ሰው ሳይበተን፣ ቱቦውን ግቢው ቦይ ላይ ጥሎ ከፈተው፣ አረፋው መንገድ ድረስ ወጣ፣ የሰፈሩ ውሾች ላሱት፣ ሁለቱ እስከ ማግስቱ ተንጋለው ቀሩ ተብሎ ተሳቀ፣ ማሙሽም አብሮ ሳቀ፣ ያ ሳቁ፣ ያ ሳቁ ነው እስከ ዛሬ ቁርጥማት እንደያዘው ጉልበት ደመና ሲሆን የሚያማት፣ በአራተኛው ቀን አፍንጫዋ ተከፈተ፣ ቁርስ ሳትበላ እየሮጠች መጣች፣ የተረፈ አለ ወይ፣ አንድ ብርጭቆ፣ የብርጭቆ ቂጥ፣ የለም እታለም፣ በርሜሉንም በሶዳ አጥቤዋለሁ፣ ምነው ፈለግሽው? እንዲሁ ነው፣ አለች። እንዲሁ።

ስድስት ዓመት እንዲሁ። ልደት ላይ ይገናኛሉ፣ ሐዘን ላይ ይገናኛሉ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ጣራ ፍሳሽ ያወራሉ፣ ቢራ የሚባል ነገር በመካከላቸው አይነሳም፣ እሱ ተራ ተራውን እየጠመቀ ለአካባቢው ሰው ይሸጣል፣ አንድም ቀን ቅመሺልኝ ብሏት አያውቅም፣ እሷም ላክልኝ፣ አምጣልኝ ብላው አታውቅም፣ ያ ቢራ ጥሩ ነበር ወይስ አልነበረም፣ በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም፣ ውሾቹ ካልሆኑ።

አሁን ደግሞ ካርቶን። ይታሸግ ብላ ብትነሳስ፣ ደስ ብሎት ያሽግና በወሩ የገዛው ሰው ሁሉ ይኼ ነገር ካርቶን ካርቶን አለኝ ይለዋል፣ ከእህትህ ምላስ ይሰውረን ይባላል፣ ይደፋ ብትልስ፣ ኋላ ካርቶኑ የእሷ ሆኖ ቢገኝስ፣ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ፣ ያውም ወንድምን፣ ሦስተኛ ቃል የለም ወይ፣ አለ፣ አለ እንጂ፣ ያኔ የዋጥሻቸው አራት ቃላት የት ሄዱ፣

እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይላል አንድ ድምፅ። የእሷ ነው።

ምን አልሽ?

እርግጠኛ አይደለሁም ማሙሽ። የሆነ ነገር ይሸተኛል። ከቢራህ ይሁን ከእኔ ለይቼ አላወቅኩም፣ አፍንጫዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሐኪምም ብሎኛል።

ይኸው፣ ወጣ፣ ጣራው አልተደረመሰም፣ መፍቻው ነው የወደቀው፣ ያውም እግሩ ላይ፣ ወንድሟ በአንድ እግሩ እያነከሰ፣ ምን ሐኪም፣ ምን ሐኪም ታይተሽ፣ ለምን አልነገርሽኝም፣ ይላል፣ ከመስኮቱ ጥግ የስፌት መኪናው ድምፅ ይቆማል፣ ሚስቱ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቀሚስ ስታጥፍ ስትፈታ ስታጥፍ ስትፈታ ነው፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ትነሳለች፣ ምን ምን ይሸተዎታል እትዬ?

ሌላ ብርጭቆ ስጪኝ እስቲ።

ልብስ ሰፊዋ ከመደርደሪያው ሁለተኛ ብርጭቆ ታወርዳለች፣ እንደ መጀመሪያው ባለ ቀጭን እግር፣ የሚያበራ፣ ወንድሟ ለመቅዳት እጁን ይዘረጋል፣ ቆይ፣ አትቅዳ፣ እንዲሁ ስጡኝ፣ ባዶውን ታሸተዋለች፣ ባዶውን ማሽተት እኮ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው፣ ስንቱን አዲስ ገቢ አስተምራበታለች፣ ብርጭቆህን ሳታውቅ ቢራውን አውቃለሁ አትበል እያለች፣ ዛሬ ረሳችው፣ ለምን ረሳችው፣ ፈርታ ነዋ፣

ካርቶን።

ባዶው ብርጭቆ። ካርቶን። ክሩ ሳይሆን መቋጠሪያው፣ ይኸው፣ እዚህ ነው ያለው።

የት ነበር የተቀመጠው? ትላለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖባታል።

አዲስ ነው እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የገዛሁት፣ ስድስቱን፣ ባለፈው ሳምንት ዘንቦበት ሱቁ ውስጥ ካርቶኑ ረጥቦ ነበር፣ ብርጭቆው ምን ይሆናል ብዬ፣ ዛሬ ጠዋት አወጣሁና በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኩት፣ ቆሽሿል እንዴ? እኛማ የምንጠጣው በሻይ ኩባያ ነው፣ በእሱ ለእርስዎ ማቅረብ አፍሬ ነው እኮ።

ይቺን ሴት አቅፋ ብትስማት ደስ ይላታል፣ ቢላም ብታነሳባት ደስ ይላታል፣ አስከብራለሁ ብላ ነፍሴን ልታወጣው፣ ሳቋ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል፣ ገና ነው፣ ገና አትሳቂ፣ በይ እስቲ ያፈርሽበትን ኩባያ አምጪው።

ጆሮው የተሰበረ ነው፣ ነጭ፣ አንድ ቦታ የተሸረፈ፣ ታሸተዋለች፣ ምንም፣ ንጹሕ ምንም፣ ወንድሟ ከዚያው ከሦስተኛው በርሜል ይቀዳል፣ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው፣ ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ፣ ማንም ስለ ጫማው አይናገርም።

ታሸታለች። ትጎነጫለች። ትውጣለች። ትጠብቃለች።

ቅርፊቱ፣ ቴምሩ፣ ስኳሩ፣ መራራው፣ ሙቀቱ፣ ሳንቃው፣ ካፖርቱ፣ ከካፖርቱ በኋላ፣ ከካፖርቱ በኋላ ምንም፣ የሚረዝም፣ የሚጠራ፣ እንደ ሰፊ ወለል ወለል ያለ ምንም፣ ገብሱ ብቻ ከሩቅ አንድ ጊዜ ተመልሶ፣ ኪያር አለ? አይ፣ ብስኩት፣ ብስኩት ነው፣ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ያበቃል ስትል ደግሞ ደረቷ ላይ ገና ይሞቃል፣ ናሙናው፣ ምን ናሙናው፣ ናሙና ይበልሽ፣ በወጉ ፍረጂ፣ ጥፋት የለበትም? አለበት፣ መሃሉ ላይ ስኳሩ ይጫናል፣ ብቅሉ ትንሽ በዝቶ፣ ለገብስ ወይን ጀማሪ ነው፣ ደስ ያለው ሰው እጁ ይሰፋል፣ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ዓመት ቢቆይ ይተወዋል፣ እና አፍንጫሽ? አፍንጫዬ ካርቶን ሲኖር ካርቶን አለ፣ ሳይኖር የለም አለ፣ ሾርባውስ? ሾርባው ይቆየን፣ ጨው በማንኪያ ይለካል፣ ሰው በዚህ አይሞትም።

ይታሸግ፣ ትላለች።

ወንድሟ አይጮህም፣ አይዘልም፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ይላል፣ እንደ ደከመ ጫኝ፣ ሚስቱ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ጣቷ ላይ የስፌት ጣት ማድረጊያው አለ፣ ከጥርሷ ጋር ይጋጫል፣ ምን ጎደለው? ይላል፣ አንቺ ሳታገኚ አትቀሪም፣ ንገሪኝ። መሃሉ ላይ ስኳር ተጭኖታል። አዎ፣ ይላል፣ ፊቱ ይበራል፣ አዎ፣ እሱን እኔም ጠርጥሬያለሁ፣ ብቅሉን ሁለት ባልዲ ነው ያበዛሁት፣ ለአባባ ብዬ፣ እኔ ሞኝ፣ አላልኩሽም ልብስ ሰፊዋ? ብሎ ወደ ሚስቱ ዞሮ ይስቃል፣ ይነሳል፣ ወደ ማሸጊያው መኪና ይሄዳል፣ ጠርሙሶቹን ይነካካል፣ ሸክሙ የወረደለት ሰው ጀርባ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። ሁሉም ደህና ነው። ሰውዬው ደስ ብሎታል፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ ነው፣ ኩባያው ግማሽ አለው፣ ማን ነው አሁን ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ሂጂ የሚልሽ፣ የሞተ ጉንፋን ማን ይቆፍራል፣ ዝም በይ፣ በዝምታ አይደል ስም ያወጣሽው፣ ዝም፣

ያን ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

የቱ ጊዜ? ይላል ጀርባውን ሳያዞር።

ይደፋ ያልኩህ ጊዜ። ሁለት ቀኔ ነበር። ምንም አይሸተኝም ነበር። ቢራህን አልቀመስኩትም ማሙሽ፣ ጠጣሁት እንጂ አልቀመስኩትም።

ጠርሙሱን ያስቀምጣል። ዞሮ ያያታል። ከዚያ በጓሮ በኩል ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ወዲያው መዶሻ ይሰማል፣ ብረት በብረት ላይ፣ ኳ፣ ኳ፣ የሚሠራ ነገር ያለ አይመስልም፣ መምታት ብቻ ነው፣ ልብስ ሰፊዋ ወደ እሷ አትመለከትም፣ ወደ በሩም አትመለከትም፣ የተሸረፈውን ኩባያ ታያለች፣ እሷ ትቆጥራለች፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ለምላስ ሠላሳ ይበቃል፣ ለወንድም ስንት ነው የሚቆጠረው፣ አንገቷ ይሞቃል፣ ግን ይገርማል፣ ደመና ሲሆን የሚያማት ያ ነገር፣ የት ሄደ፣ ትፈልገዋለች፣ ቦታው አለ፣ ሕመሙ የለም፣ መዶሻው ይቆማል።

ጉንፋን? ይላል በሩ ላይ።

ጉንፋን።

ስድስት ዓመት ሙሉ?

ጉንፋኑ ሳምንት ነው የቆየው። ዝምታው ነው ስድስት ዓመት።

ያያታል፣ ጢሙ ሥር የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ንዴት ነው፣ አይደለም፣ ነው፣ ሁለቱም ነው፣ እኔ እኮ ይላል፣ እኔ ያን ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው ፊት ማየት አፍሬ በጓሮ ነው ስገባና ስወጣ የከረምኩት። አውቃለሁ። አታውቂም። እሺ አላውቅም። ለምን አልተከራከርከኝም ታዲያ፣ ትላለች፣ ቀምሰኸው አልነበር? ሲፈስ በእፍኜ ቀድቼ ቀምሻለሁ፣ ይላል፣ ክፉ አልነበረም መሰለኝ፣ ጥሩም አልነበረም መሰለኝ፣ ተናድጄ ነበር፣ ንዴት ምላስ ላይ ሲኖር ምን ይታወቃል። እኔ ግን ወድጄው ነበር፣ ትላለች ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ኋላ። አንቺማ እኔ የሠራሁትን ሁሉ ትወጃለሽ፣ የሚንጋደደውን አልጋ ሳይቀር። አልጋውን እንኳ አልወደድኩትም፣ እንዳይከፋህ ብዬ ነው የምተኛበት። ሳቁ ያመልጠዋል፣ አልፈለገም፣ ግን አመለጠው፣ ሳጥኑን በእግሩ ስቦ ከእህቱ ፊት ይቀመጣል፣ ጉልበታቸው ይነካካል።

እውነቱን ልንገርሽ እታለም፣ ያኔ ያልተከራከርኩሽ የእኔ ነው ብዬ ስላላመንኩበት ነው፣ የአንቺን አፍ ስጠብቅ ነበር። ዛሬ ይደፋ ብትዪኝ ኖሮ ግን፣ እጅሽን ይዤ ከበር አስወጥቼሽ አሽገው ነበር።

ትናንት እኮ ወደ ብየዳዬ እገባለሁ ነው ያልከኝ።

ትናንት ፈርቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንቺ ሳትመጪ አንድ ኩባያ ጠጣሁና ፍርሃቱ ለቀቀኝ፣ አሥራ አንድ ተኩል በመቶ ነው እኮ፣ ቀላል ነገር መሰለሽ።

ታዲያ እኔን ምን አስጠራህ?

ብቻዬን ልጠጣው? ይላል፣ ሁለተኛ ጉንፋን ሲይዝሽ ግን ቤትሽ ተቀመጪ፣ ይነሳል፣ የወደቀውን መፍቻ ያነሳል፣ በእሷ በኩል ሲያልፍ ትከሻዋን በክርኑ ገፋ ያደርጋታል፣ ያማል፣ ይመጣ ብላ የፈራችው ነገር ሁሉ ይኼ ነው እንግዲህ፣ አንድ ክርን።

ማሸጊያው መኪና መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ይይዛል፣ ጠርሙሶቹ እየተጋፉ ይሄዳሉ፣ ቆርኪ ይወርዳል፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ፣ ወንድሟ አንዱን ቆርኪ ጠማማ ሆኖ ሲያገኘው መኪናውን በጭማቂ ቤቱ ሰውዬ ስም ይሳደባል፣ ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ትታ ጠርሙስ ትቀበላለች፣ እትዬ ተነሱ ያላት የለም፣ ልርዳችሁ ብትልም ሁለቱም በአንድ አፍ ተቀመጪ፣ ይቀመጡ፣ አሏት፣ ኩባያዋንም ሳትጠይቅ እስከ አፉ ሞልተውላታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ብርጭቆ ጨርሳ አታውቅም፣ ጉንጭ ጉንጭ ብቻ፣ የቀረው ወደ ባልዲ፣ ባልዲው በቀኟ በኩል፣ ወረቀቱ በግራዋ፣ አሁን በቀኟም በግራዋም ምንም የለም፣ ወለሉ ላይ ያለው ፀሐይ እግሯ ጋ ደርሷል፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ደረቷ ሞቋል፣ ጆሮዎቿም ትንሽ፣ ትጎነጫለች፣ ቴምር፣ አይ ተይ አሁን፣ ማን ጠየቀሽ፣ ቢሆን ባይሆን፣ ሌላ ጉንጭ፣ ሲሚንቶው እግሯ ሥር ለብ ብሏል፣ የጠርሙሶቹ ድምፅ ይመጣል ይሄዳል፣ ወንድሟ የሆነ ነገር ይጠይቃታል፣ አልሰማችውም፣ እሺ ትላለች፣ ምን እንዳለ አታውቅም፣ እሺ፣ አፏ ውስጥ የምትፈልገው ነገር የለም፣ የምትፈራውም፣ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች፣ እንደ ማንኛውም ሰው።